አስራ አንደኛዋ ሯጭ

ሙርሺዳን የሚያውቁ ሯጮች ስለ እሷ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሠላሳ ስምንት ሰከንዷ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ኤፕሪል ላይ፣ ከጆሀንስበርግ በስተደቡብ በሚደረገው የክሊፕ ኮረብታዎች ሩጫ፣ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጣ ከሴቶች አስራ አንደኛ ወጣች። ወርቅ የሚሰጠው እስከ አስረኛ ድረስ ነው። አስረኛዋ የቀደመቻት በሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነበር። ያን ሠላሳ ስምንት ሰከንድ የበላባት ደግሞ ተራ ነገር ነው። የመጨረሻው ዳገት ላይ የሂጃቧ መርፌ ቁልፍ ወለቀ፤ ነፋሱ ሂጃቡን ከራሷ ሊገፈው ሲል ቆመች፣ መልሳ ቆለፈችው። ሌላ ሴት ብትሆን በእጇ ጨብጣው ትሮጥ ነበር ያሉ አሉ። ማለት ቀላል ነው። ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ጣቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያየ ግን እንዲህ ብሎ አያወራም።

ባሏ ሙዘሚል አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ኮካ በውኃ በጥብጦ ሰጥቷት፣ በታክሲ አቋርጦ መጨረሻው ላይ ይጠብቃት ነበር። የነሐሷን ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አይቶ ምን እንደሚላት ጨነቀው። መጨረሻ ላይ፣ «የሚመጣው ዓመት እኔ ነኝ የማስርልሽ፤ በሽቦ ነው የማስረው!» አላት። ሁለቱም እየሳቁ ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ስትገባ ግን ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች።

እግሯን የሠራላት ክለብ የለም። ከወራቤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣችው በሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሙዘሚል ቀድሟት ገብቶ ነበር። እንደማንኛውም አዲስ መጤ ሥራ የጀመረችው ሎኬሽን ውስጥ፣ ማለትም ከከተማው ወጣ ብለው በተቆረቆሩት የድሃ ሰፈሮች፣ ብርድ ልብስ ተሸክማ ቤት ለቤት በመዞር ነው። አራት ጀርባዋ ላይ፣ ሁለት ክንዷ ላይ። ጠዋት ከታክሲ ወርዳ ማታ ታክሲ እስክትይዝ እግሯ አያርፍም። ውሻ ያባርራታል፣ ዝናብ ይመታታል፣ «ሳዉቦና ማማ»፣ ሰላም እናቴ፣ እያለች በር ታንኳኳለች። ደንበኞቿ በቋንቋቸው ማማ ኢንጉቦ፣ የብርድ ልብሷ እመቤት ይሏት ነበር። አምስት ዓመት እንዲህ ዞራ ነው ከሙዘሚልና ከወንድሙ ከአብዱልመጂድ ጋር ጀፕ ላይ፣ ሐበሻ ነጋዴ በሞላበት የጆሀንስበርግ የገበያ ሰፈር፣ አንድ ጠባብ ሱቅ የያዙት።

ሱቁ ደግሞ ሌላ ቅጣት ሆነባት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል ሲዞር የኖረው እግሯ አብጦ ማታ ማታ ይጠዘጥዛታል። አንድ ጠዋት ሮዘተንቪል ከሚገኘው ቤታቸው ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ የሰፈሩ ሯጮች በፊቷ አለፉ። ከመሀላቸው አንድ ሐበሻ አየች። ሀይለየሱስ ይባላል፤ የመንገድ መሐንዲስ ነው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ሩጫን የጀመረው ቦርጩን ለማጥፋት ብቻ የሆነ ሰው። በሳምንቱ ቅዳሜ ሙርሺዳ በረጅም ቀሚሷና በሙዘሚል ስኒከር ከኋላቸው ተከተለች። ሀይለየሱስ ዞር ብሎ፣ «እህቴ፣ ቀሚሱ አይከብድሽም?» አላት።

«ብርድ ልብስ ነው የሚከብድ» አለችው። አስር ኪሎ ሜትሩ ሲያልቅ የክለቡ ግማሽ ከኋላዋ ነበር፤ ሀይለየሱስም ከግማሹ አንዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የክሊፕ ውጤቷ በአጭሩ ይነገራል፤ መጀመሪያ ሠላሳ አራተኛ፣ ቀጥሎ ሃያ ሦስተኛ፣ አስራ ሰባተኛ፣ አስራ አራተኛ፣ ከዚያ ያቺ የተረገመች አስራ አንደኛ። በየዓመቱ ጥቂት ሴቶችን እየነቀለች ወጣች። ወሬ አልቀረላትም። ጀፕ ላይ ሱቅ የያዙ የአገሯ ሰዎች፣ «ባለትዳር ሴት፣ የልጅ እናት፣ ምን ሆና ነው ከወንድ ጋር መንገድ ለመንገድ የምትሮጠው?» ይሉ ነበር። ይህን ለሙዘሚል በጆሮው የነገሩትም አሉ። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዕቃውን ይደረድራል፤ በጣም ሲያበዙበት፣ «እናንተም ሩጡና ያዟታ!» ይላቸዋል። እሷ ግን እንደ እሱ አልነበረችም። እያንዳንዷ ቃል ትገባባታለች፤ ሐሜት ትፈራለች። ሰው ፊት ስለ ሩጫ አንስታ አታውቅም። ሜዳሊያዎቿን እንኳ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም፤ ከክርና ከመርፌ ጋር መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

በ2020 ማርች መጨረሻ በወረርሽኙ ምክንያት አገሩ በሙሉ ተዘጋ። ሱቅ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ወታደር መንገድ ላይ ወጣ። ለሩጫ መውጣት ያስቀጣ ነበር፤ ከክለቡ አንዱ ሰውዬ ጨለማን ተገን አድርጎ ሊሮጥ ወጥቶ ጣቢያ አድሯል። የኤፕሪሉ ውድድር ተሰረዘ። ሙርሺዳና ሙዘሚል ከልጃቸው ከራኒያ ጋር የሚኖሩት አንዲት ፖርቹጋላዊት አሮጊት ጓሮ ውስጥ በተሠራ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የአሮጊቷን ቤት አንድ ጊዜ መዞር ስልሳ አንድ ሜትር ነው፤ ሀይለየሱስ በስልክ እየመራት በሜትር ለካችው። ከዚያ በቃ፣ መዞር ነው። ሙዘሚል ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ የዱዓ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ ይዞ ይቀመጣል፤ አንድ ዙር ስትጨርስ አንድ ፍሬ ያሳልፋል። ዘጠና ዘጠኙ ፍሬ ሲያልቅ ስድስት ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። «ዱዓ እያደረግሁ እንዳይመስልሽ፣ የአንቺን ኮቴ ነው የምቆጥረው» ይላታል። አሮጊቷ አበባዬን ረገጠችብኝ ብላ በመስኮት ትጮሃለች። ሙርሺዳ በኋላ ስታስበው፣ በሕይወቷ ደስ ያላት ጊዜ ያ ነበር። ያኔ ግን አላወቀችውም።

የ2021ም ውድድር ከኤፕሪል ወደ ኖቬምበር 21 ተገፋ። ሦስት መቶ ሰው ብቻ እንዲሮጥ ተፈቀደ፤ ቅድሚያው ለ2020 ለተመዘገቡት ነው፤ ዘንድሮ ያልሮጠ ግን ቦታው ይቃጠልበታል። ሙርሺዳ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። እሷም ሙዘሚልም አወቁት፤ ወርቁ የሚገኝ ከሆነ የሚገኘው አሁን ነው።

ጁን ላይ ጀፕ ውስጥ የማይሳል ሰው ጠፋ። የሚሳለው ሁሉ ግን ጉንፋን ነው ይላል። ኮሮና የሚለውን ስም ማንም በአፉ አያነሳም፤ ስሙ የተነሳበት ሱቅ ደንበኛ አይገባበትማ። ሙዘሚልም ሲያስለው ጉንፋን ነው አለ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ጠጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ሱቅ ዋለ። ጁላይ 3 ላይ ከአልጋው ተነስቶ በሩ ድረስ መሄድ አቃተው። ሀይለየሱስ መኪናውን አምጥቶ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ሐኪም ቤት አደረሰው። ጠያቂ አይገባም ተባለ።

ከዚያ ያለው በስልክ ነው። ሙዘሚል መናገር ሲያቅተው አጫጭር የድምፅ መልእክት ይልክ ነበር። ከመጨረሻዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ሙርሺ፣ የሩጫው ሰዎች ኢሜይል ልከው ነበር። ቦታሽን አጽድቄልሻለሁ። ኖቬምበር ሃያ አንድ። አስራ አንደኛ ወጥተሽ እንዳትመጪ፣ በር አልከፍትልሽም።» ከዚያ ረጅም ሳል አለ። ከሳሉ በኋላ የሆነ ነገር ለማለት ሲሞክር ይሰማል፤ ምን እንደሆነ አይለይም።

የሞተው ሰኞ ጁላይ 12 ንጋት ላይ ነው። የዚያን ሳምንት፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት በመታሰራቸው በተነሳው ሁከት፣ ከተማው እየነደደ ነበር። ሱቆች ተሰብረው ተዘረፉ፣ ጎማ እየተቃጠለ መንገድ ተዘጋ፣ ጀፕ ላይ ሰው ሁሉ መዝጊያውን ዘግቶ ተደበቀ። አብዱልመጂድና አራት የቀብር ኮሚቴ ሰዎች የፕላስቲክ ልብስ ለብሰው ሬሳውን ከሐኪም ቤት ተቀብለው ቀበሩት። አልታጠበም። ፊቱን የገለጠለት የለም። ሙርሺዳ ከቤት መውጣት አልቻለችም፤ የደረሳት አብዱልመጂድ በስልኩ የቀረጸው የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀይ አፈር፣ የሰው ትንፋሽ። አንዴ አይታው ሁለተኛ አልከፈተችውም።

ከዚህ በኋላ የቀራት ዒዳዋ ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ለሐኪም ወይም ለግድ ጉዳይ ካልሆነ አትወጣም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም። ለሌላው ሴት ከባድ ነው የሚባለው ይህ ነገር ለሙርሺዳ መጽናኛዋ ሆነ። አላጠበችውም፣ አላየችውም፣ እጁን አልያዘችም። ለሙዘሚል ልትሰጠው የምትችለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። አንዲት ሰዓት እንኳ ላታጎድልበት ለራሷ ማለች።

አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሴት ይሞላ ነበር። የምታበስል፣ የምታጫውት፣ ቀኑን የምትቆጥር ትልቅ ሰው ከጎኗ አትጠፋም ነበር። በወረርሽኙ ዘመን ግን ማን ደፍሮ ለቅሶ ቤት ይመጣል? ሁሉም ደወለ፣ ሁሉም አላህ ያጽናሽ አለ፣ ስልኩ ተዘጋ። ስለዚህ ቀኑን ራሷ ቆጠረች። ለሱቃቸው ዕቃ የሚያመጡበት አከፋፋይ በየዓመቱ የሚሰጠው የግድግዳ ካላንደር አለ፤ ጁላይ 12 ላይ ነጥብ አደረገች፤ አራት ወር ኖቬምበር 12፣ አስር ቀን ሲጨመር ኖቬምበር 22። ሰኞ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። ከዚያ ዓይኗ ከጎኑ ያለውን ቀን አየ። እሑድ፣ ኖቬምበር 21። ደነገጠች። አንድ ቀን። ካላንደሩን ገልብጣ ሰቀለችው፤ ጠዋት ግን መልሳ አዞረችው።

ሜይፌር የሚኖሩ፣ ሴቶችን ቁርአን የሚያስቀሩ ኡስታዛ ሸፊቃ የሚባሉ ትልቅ ሴት አሉ። እሳቸውም ገና ከበሽታው መነሳታቸው ስለነበር የሚያጽናኗት በስልክ ነው። ኦገስት ላይ ሙርሺዳ እንደምንም ድፍረት አግኝታ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ «ኡስታዛ፣ ግቢ ውስጥ ሰውነቴን ባንቀሳቅስ ኃጢአት አለው? ወገቤን እያመመኝ ነው።»

«ግቢሽ ቤትሽ አይደል እንዴ ልጄ! ባዕድ ወንድ እንዳያይሽ እንጂ ማን ይከለክልሻል?» አሏት።

ወገቧን አላመማትም። እንቅስቃሴ ያለችውም ሩጫዋን ነው። ሩጫ የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም፤ ባሏ ከሞተ ወር ያልሞላት ሴት የምታነሳው ቃል አልመሰላትም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ጥቁሯን ለብሳ የአሮጊቷን ቤት ትዞራለች። ፍሬ የሚያሳልፍላት የለም፤ ራኒያ ትምህርት ቤት እስክትሄድ በመስኮት ሆና ዙሩን ወረቀት ላይ ትጭራለች። አሮጊቷም መጮህ ትታለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም የአበባ መደቡን በሁለት ክንድ ያህል ገፍታ መንገድ አሰፋችላት። ሙርሺዳ የእሑዱ ሩጫ እንደማይሆን ታውቃለች። እግሯ ግን አላመነም፤ ሴፕቴምበር ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ኦክቶበር ላይ ሠላሳ አምስት ደረሰች። እዚያች ጠባብ ጓሮ ውስጥ፣ እየዞረች።

ኦክቶበር መጨረሻ አብዱልመጂድ መጣና ደጅ ላይ ማስኩን እንዳደረገ ቆሞ ነገራት። ሱቁን ብቻውን አይችለውም፣ ጃንዋሪ ላይ እሷና ራኒያ ወራቤ ቢገቡ ይሻላል፣ ዘመድ መሀል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እየተናገረ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሷም ከእሱ ጋር ክርክር አልገጠመችም። የያዘችው የጥገኝነት ፔፐር ነው፤ በዚያ ፔፐር ከአገሩ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ክሊፕ ላይ ዳግም መሮጥ የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ክቡ ያለበትን ግድግዳ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ትበላ ነበር።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ሐሙስ ሀይለየሱስ የመሮጫ ቁጥሯን ይዞ በር ላይ መጣ። አርባ ሰባት ቁጥር። እሷ ከበሩ ውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆኖ በፍርግርጉ አወሩ።

«ሙርሺዳ፣ የአንድ ቀን ጉዳይ እኮ ነው» አላት። «የአንድ ቀን! የሃይማኖትሽን ነገር እኔ አላውቅም፤ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም? አንድ ሼኽ፣ አንድ ትልቅ ሰው?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ኢንጂነር? ባሌ ዒዳ ላይ አስቀምጦኛል፣ እኔ ግን ሩጫ አማረኝ ልበል?»

«እሱ ራሱ ነው ያስመዘገበሽ።»

«ሲያስመዘግበኝ መቼ ሊሞት ነው ብሎ አሰበ?» አለችና ድምጿ ተሰበረ። «አላጠብኩትም እኮ» አለች። «አንድ ነገር እንኳ ሳልሸራርፍ ልስጠው።»

ሀይለየሱስ ከዚህ በላይ መግፋት አልቻለም። ቁጥሩን በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጣት፤ «ለማስታወሻ ያዥው» አለ። እንደሄደ ስልኳን አንስታ የኡስታዛ ሸፊቃን ስም አወጣች። ጣቷ ስሙ ላይ ቆመ። ሴትየዋ ሰሞኑን ልጃቸው ወልዳ ደርባን ናቸው፤ ሕፃን እያቀፉ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃሉ? ደግሞ ቢጠየቁስ፣ ለሌላ ሰው ሳያወሩ ይቀራሉ? የሙዘሚል ሚስት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ በሉ ስሙ! ጆሮዋ ውስጥ ጮኸባት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

እሑድ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክሊፕ ላይ ሩጫው ሲጀመር፣ ሙርሺዳ ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። አልሮጠችም። ሁሉን በልቧ ታየዋለች። አሁን ድልድዩ ላይ ደርሰዋል። አሁን የመጀመሪያው ዳገት። አሁን አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር፤ እዚያ ኮካ በጥብጦ የሚቆም ሰው የለም። ለሙዘሚል ነው፣ ለሙዘሚል ነው አለች ደጋግማ፤ ይህ እውነት ስለነበር ትንሽ በረድ አለላት።

እኩለ ቀን ላይ ራኒያ ስልኩን ይዛ መጣች። ሀይለየሱስ የሴቶቹን ውጤት ልኮ ነበር። ልጅቷ ከላይ ጀምራ ልታነብ ስትል እናቷ፣ «አስረኛዋን ብቻ ንገሪኝ» አለቻት።

«አስረኛዋ አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።»

ሙርሺዳ በ2019 አስራ አንደኛ ስትወጣ የሮጠችው በአራት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ነው። ወረርሽኙ የሁሉንም እግር አስሮ ኖሯል፤ ጓሮ ውስጥ ስትዞር የከረመች ሴት ግን ክለቡ ውስጥ ከእሷ ሌላ አልነበረችም። አስራ ስድስት ደቂቃ። ዳገቱ ላይ ቁጭ ብላ ሂጃቧን አጥባ ብታሰጣው እንኳ ወርቁን ታገኝ ነበር። ራኒያ፣ «እማ፣ አንቺ እኮ...» ብላ ጀመረችና የእናቷን ፊት አይታ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ሙርሺዳ ተነስታ የምሳ ሰሃኖችን አጠበች። የታጠቡትን ደግማ አጠበች።

ሰኞ ጠዋት ታጠበች። ጥቁሩን አውልቃ አረንጓዴ ቀሚስ ለበሰች፤ ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ሽቶ አንገቷ ላይ ነካ አደረገች። አንድ ዓይነት ኩራት ነበራት። ሁሉን ሰጥታለች። ወርቅ ቀርቶባት፣ ክሊፕ ቀርቶባት፣ ለባሏ የሚገባውን ሳታጎድል ሰጥታለች። ይህን ማንም ሊወስድባት አይችልም ብላ አሰበች።

አራት ሰዓት ላይ ኡስታዛ ሸፊቃ መጡ፤ ከደርባን የገቡት ትናንት ማታ ነው። በሩ ላይ ሆነው አረንጓዴውን ቀሚስ አይተው ማሻአላህ አሉ፣ ዱዓ አደረጉ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ሽቶው ትኩስ መሆኑን አሸተቱና፣ «ዛሬ ገና ነው እንዴ ከዒዳ የወጣሽው?» አሏት።

«አዎ ኡስታዛ፣ ዛሬ ሞላልኝ አልሐምዱሊላህ።»

«ኧረ ማክሰኞ ነው የሞላልሽ! ባለፈው ማክሰኞ፣ መግሪብ ላይ። እኔ እንዲያውም ልጅቷን ጥዬ መምጣት አቅቶኝ፣ ሳልገኝላት ወጣች ብዬ ተቆጭቼ ነበር።»

ሙርሺዳ ፈገግ አለች፤ ትልቅ ሰው ተሳስተው መስሏት። ግድግዳውን አሳየቻቸው። «ጁላይ አስራ ሁለት ነው የሞተው፤ አራት ወር ኖቬምበር አስራ ሁለት፤ አስር ቀን...»

«በፈረንጅ ነው የቆጠርሽው?» አሉ ኡስታዛ ሸፊቃ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ዒዳ እኮ በጨረቃ ነው የሚቆጠረው። ሙዘሚል የሞተው ጨረቃዋ በታየች ማግስት ነው፣ የዙልሒጃ መጀመሪያ ቀን። ዙልሒጃ፣ ሙሐረም፣ ሰፈር፣ ረቢዐል አወል፤» እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ፤ «በዚያ ላይ አስር ቀን። ማክሰኞ ማታ አለቀ። ከረቡዕ ጀምሮ ነፃ ነበርሽ።»

ሙርሺዳ ጾሙ፣ ዒዱ፣ ሁሉ በጨረቃ እንደሚያዝ ታውቃለች። ዒዳን ግን ለማንም ቆጥራ አታውቅም፤ አገር ቤት ይህን የሚይዙት አሮጊቶች ነበሩ። እዚህ ሱቅ የሚከፈተው፣ ኪራይ የሚከፈለው፣ ፔፐር የሚታደሰው በዚህ ካላንደር ነው፤ እጇ የሄደው ወደለመደው ነው። በጣቷ ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሐሙስ ዕለት ሀይለየሱስ በፍርግርጉ ሲለምናት በሩን ከፍታ መውጣት ትችል ነበር።

ኡስታዛ ሸፊቃ ፊቷን አይተው የተረዱት ሌላ ነው። «አይዞሽ፣ ትርፍ መቀመጥ ኃጢአት የለውም» አሉ። «አላህ ልብሽን ያየዋል። ለሙዘሚል ጨመርኩለት በዪ፣ ሌላ ምን አለው?»

«የሙዘሚልን ሰጥቻለሁ» አለች ሙርሺዳ። «አንድም አላጎደልኩበትም። እነዚህ አምስቱ የእኔ ነበሩ።»

«ምን ልታደርጊባቸው ኖሯል?»

ነገረቻቸው። አስራ አንደኛነቷን፣ ከሐኪም ቤት የመጣውን መልእክት፣ ጓሮውን፣ ጃንዋሪን፣ የትናንቷን አስረኛ ሴትና አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃዋን። በሕይወቷ ለአገሯ ሴት ስለ ሩጫ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ኡስታዛ ሸፊቃ እንባቸው በማስካቸው ላይ ወረደ።

«ምነው አንዴ ብትደውዪልኝ!» አሉ። «በሁለት ደቂቃ እነግርሽ ነበር እኮ! ምነው ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ» አለች ሙርሺዳ። «ባሏ ሞቶ ሩጫ አማራት እንዳይሉኝ።»

ኡስታዛ ሸፊቃ «እኔ አልልሽም ነበር» ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ግን እሳቸውም ሊሏት ይችሉ እንደነበር ገባቸው። ሙርሺዳም ሳትጠብቃቸው ተነስታ ካላንደሩን ከግድግዳው አወረደችው።